ምሰሶ የሌላት ቤት

እኔ አመለወርቅ ታፈረ፣ ባሌን ያገኘሁት ከጭስ ውስጥ ሲወጣ ነው።

ስሜን የሰማ ሁሉ «ምን ዓይነት ልዝብ ሴት ትሆን!» ይላል። እናቴ ግን «ስም ያወጣሁልሽ ቀን ቸኩዬ ነበር» ትለኝ ነበር። እንግዲህ አመሌን ችላችሁ ስሙኝ። የማወራችሁ ስለ ቤቴ ነው። ቤቴ ጎማ ነበራት። ስታስል አገር ይሰማታል። ካሻት ትሄዳለች፣ ካላሻት ትቆማለች። ከደብረ ታቦር እስከ ንፋስ መውጫ እንደ እኔ በቤቷ የኮራች ሴት ነበረች ቢሉኝ ግን አላምንም!

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ያኔ በጋይንት መንገድ መኪና የሚታየው በበጋ ብቻ ነበር፤ እሱም አልፎ አልፎ። የኛ መንደር ከጎብጎብ አለፍ ብሎ፣ ወደ ንፋስ መውጫ የሚወስደው አቀበት ሥር ነው።

ኅዳር ነበር። የአባቴ ገብስ ደርሶ ደቦ ተጠርቷል። እኔና የአክስቴ ልጅ የሻረግ ለአጫጆቹ ጠላ በእንስራ አዝለን ወደ ማሳው ስንሄድ አቀበቱ ሥር አንዲት አረንጓዴ መኪና ቆማለች። ኮፈኗ ተከፍቶ ነጭ ጭስ ይትጎለጎላል። ከጭሱ ውስጥ ፊቱን ጥቁር ቅባት የለወሰው አንድ ረዥም ጎበዝ ብቅ አለ።

«እህቶቼ! ውሃ ነው የያዛችሁት?»

የሻረግ ደንግጣ ከኋላዬ ተሸሸገች። እኔ መሸሸግ አላውቅም።

«በአገርህ ሰላምታ የሚባል ነገር የለም?» አልኩት።

«ይቅርታ... እንደምን ዋላችሁ! ውሃ ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጠላ ነው።»

ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ምንጩስ የት ነው?»

«ገደሉን ወርደህ፣ ኮረብታውን ዞረህ። ስትመለስ ፀሐይ ትጠልቅብሃለች።»

መኪናዋን አየ። እንስራዬን አየ። እንደገና መኪናዋን አየና፦

«ጠላው ወፍራም ነው?» አለኝ።

«ቅራሪ ነው። ለአጫጅ ወፍራም ጠላ ማን ያጠጣል? ማጭዱን ተንተርሶ እንዲተኛ ነው?»

«እንግዲያው ስጪኝ።»

«ወይ ጉድ! መኪና ጠላ ይጠጣል እንዴ?»

«የኔዋ ያገኘችውን ትጠጣለች።»

«አልነገርሽኝም እንዳትል በኋላ... በደንብ አልተጠለለም። ጌሾ አለበት።»

«ግድ የለም፤ አቀበቱን ታውጣልኝ እንጂ።»

ትንሽ እስክትቀዘቅዝ ጠበቀና እንስራዬን ተቀብሎ በዝግታ አንቆረቆረላት። ከዚያ ማኖቬላውን፣ ያንን ማስነሻ ብረት፣ ከፊቷ ሰክቶ አንዴ ቢያዞር፣ ሁለቴ ቢያዞር፣ እየተንቀጠቀጠች ተነሣች። አቀበቱ በሙሉ ጠላ ጠላ ሸተተ። ባዶውን እንስራ መልሶልኝ ሲስቅ ጥርሱ ብቻ ነበር ነጭ።

«ስምሽን ንገሪኝ» አለ።

«ስሜ ምን ያደርግልሃል?»

«ጠላሽን የማመሰግንበት።»

«ጠላዬን የጠጣችው እሷ ናት። እሷ ታመስግነኝ!»

ማሳው ስደርስ አባቴ «ያንቺ ጠላ የታለ?» አለኝ። «መኪና ጠጣው» አልኩት። አጫጁ ሁሉ ማጭዱን ጥሎ ሳቀ። አባቴ ብቻ አልሳቀም።

ጎበዙ ይሁኔ ይባላል። የእስቴ ሰው ነው፣ የመካነ ኢየሱስ። እናትና አባቱን በልጅነቱ አጥቶ፣ መንገድ ሊያጠኑ ለመጡ ፈረንጆች ተቀጥሮ ሲሠራ መኪና የለመደ ነው። ያቺ አረንጓዴ መኪና የፈረንጆቹ ማደሪያ ነበረች። ውስጧ አልጋ አላት፣ ከግድግዳ የሚዘረጋ ገበታ አላት፣ ምድጃ አላት። አርጅታ ሞተሯ እምቢ ሲላቸው ፈረንጆቹ «ይህችስ ከእንግዲህ አትሆንም» ብለው ለእሱ ትተውለት አገራቸው ገቡ። እሱ ግን ሞተሯን አንድ በአንድ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ መልሶ ገጠመና አስነሣት። ከዚያ ወዲህ ማደሪያው እሷ፣ እንጀራው እሷ። በገበያ ቀን ጨውና ሸማ ጭና፣ ሰውም አሳፍራ ንፋስ መውጫ ትወጣለች።

አገሬው «እማሆይ» የሚል ስም አውጥቶላታል። እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ስለምትቆም ነው። እሷ የምትቆመው ደክሟት ነው፤ አገሬው ግን «እማሆይ ሳትሳለም አታልፍም» ይላል። ተሳፋሪውም ወርዶ ይሳለማል፣ ይሁኔም ኮፈኑን ይከፍታል። ሁሉም በየፊናው ይጸልያል።

ከዚያ ቀን በኋላ እማሆይ የኛ አቀበት ሥር ስትደርስ መቆም ልማዷ ሆነ። በየገበያው ቀን! ቀጥ ትላለች፣ ትጨሳለች፣ ይሁኔ ይወርዳል። እኔም በአጋጣሚ በዚያ በኩል አልፋለሁ። አሁን በአጋጣሚ አይባልም፤ አውቄ ነው የማልፈው። ውሃ በእንስራ ይዤ ነዋ!

«ዛሬም ቆመች?» እለዋለሁ።

«ዛሬም ቆመች» ይለኛል።

ውሃውን ይቀበለኛል። ጥቂት እናወራለን። ስለ ሞተሯ ሲነግረኝ ስለ ዘመዱ የሚያወራ ነው የሚመስለው። «ዛሬ ደረቷን ይዟታል» ይላል። «ሌሊት ብርድ መቷት ጠዋት አልነሣ ብላኝ ነበር» ይላል። አንድ ቀን፦

«ቆይ፣ አልነሣ ስትልህ ምን ትሆናለህ? የት ትሄዳለህ?» አልኩት።

«የትም። ቤቴ ነኝ» አለኝ።

እንዲህ ኮራ ብሎ የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም። የዚያን ቀን ልቤ እጁን ሰጠ።

የሻረግና ሌሎቹ ሴቶች ነገሩ ገባቸው። «አመለወርቅ፣ መኪናው የሚቆመው ላንቺ ነው እኮ!» ይሉኛል። እኔ «ሂዱ ወዲያ!» እላለሁ፤ በሆዴ ግን እንደ ጥር ሙሽራ ኮርቻለሁ። እኔን ለማየት ብሎ መኪና የሚያቆም ወንድ በጋይንት ማን አገኘ? ቅቤ ተቀባሁ። ሹሩባ ተሠራሁ። አንድ የገበያ ቀን፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ የሻረግ ወገቧን ይዛ ጮክ ብላ ጠየቀችው፦

«እስቲ ንገረን ይሁኔ! ይህቺ መኪና ሌላውን አቀበት ሁሉ ወጥታ፣ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት እኛ ጋ ስትደርስ የምትቆመው ለምንድን ነው?»

እኔ ዐይኔን መሬት ላይ ተክዬ መልሱን ጠበቅሁ።

«የጠላው አተላ ነው» አለ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ያኔ የጠጣችው ጌሾ የራዲያተሩን ቧንቧ ደፍኖባታል። ይህ አቀበት ደግሞ ረዥም ነው፤ እዚህ ስትደርስ ትፈላለች።»

ተሳፋሪው በሳቅ ተንፈራፈረ። አንድ ሽማግሌማ «የልጅቱ ጠላ መኪና ያሰክራል!» ብለው እስኪያለቅሱ ሳቁ። እኔ ክው አልኩ። ያ ሁሉ ቅቤ፣ ያ ሁሉ ሹሩባ... ለአተላ!

«እንግዲያው ከአተላዬ ጋር በደህና ዋል!» ብዬው እንስራዬን ይዤ ሄድኩ።

«አመለወርቅ! ምን አልኩ? ቆይ እንጂ!»

ስሜን ከማን ሰምቶት ነው? ብዬ ልቤ ደነገጠ፣ ግን አልዞርኩም። ከዚያ ወዲያ የገበያ ቀን ሲሆን ምንጭ የምወርደው በሌላ በኩል ሆነ።

ሁለት ገበያ አለፈ። በሦስተኛው የሻረግ እያለከለከች መጣች።

«እማሆይ ቆማለች።»

«ትቁም።»

«ጭስ የላትም።»

«አይኑራት።»

«ኮፈኑንም አልከፈተም። አንድ ነገር ሆኖ ይሆናል እኮ...»

ኩራቴ ሌላ፣ ልቤ ሌላ። እግሬ ልቤን ተከትሎ ወረደ። ይሁኔ ፊቱን ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ እማሆይን ተደግፎ ቆሟል። ተሳፋሪ የለም።

«ዛሬስ ምን ሆና ነው?» አልኩት፣ ቁጣዬን እንደያዝኩ።

«ዛሬ ምንም አልሆነች።»

«ታዲያ ለምን ቆመች?»

«ራዲያተሩን ፈትቼ፣ በፈላ ውሃና በእንዶድ አጠብኩት። አሁን ይህን አቀበት እንደ ፍየል ነው የምትወጣው። ዛሬ የቆመችው እሷ አይደለችም...» ጉሮሮውን ጠረገ። «ዛሬ የቆምኩት እኔ ነኝ።»

እግዜር ያሳያችሁ! እኔ አመለወርቅ፣ ለሁሉ መልስ ያለኝ፣ የነጠላዬን ጫፍ እቋጥር ጀመር። የሻረግ በክርኗ ጎሸመችኝ።

«ውሃ... ውሃ ላምጣልህ?» አልኩት።

«አልጠማትም» አለና ሳቀ። «እኔን ግን ጠምቶኛል።»

ያን ቀን የእማሆይን በር ከፍቶ ቤቱን አሳየን። የሻረግና እኔ ደፍ ላይ ቆመን አየን። አልጋው እንደ ዕለተ ሰንበት ተነጥፏል። ብርጭቆዎቹ እንዳይወድቁ እያንዳንዳቸው በጠፍር ታስረዋል። ሞተሯ ሲንቀጠቀጥ የተላቀቀውን ሁሉ በሚስማርና በገመድ፣ በቀርከሃም ጠግኖታል። ፈረንጅ የሠራው ግማሹ፣ ይሁኔ የጠገነው ግማሹ። «ይህን ሁሉ አንተ ነህ?» አልኩት። «ሌላ ማን አለኝ?» አለኝ። «አሁን አለህ» አልኩት... ወጣብኝ!

በየካቲት ሽማግሌ ላከ። በአንድ እሑድ ጠዋት የኔታ ገብረ ኢየሱስ፣ የመንደራችን የቅኔ መምህር፣ ሁለት አዛውንት አስከትለው ግቢያችን ገብተው ቆሙ። አባቴ ወጣ።

«ይቀመጡ እንጂ የኔታ።»

«መልስህን ሳንሰማ አንቀመጥም ታፈረ። ልጅህን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

«ልጃችሁ ማነው?»

«የእስቴው ይሁኔ።»

«የመኪናው?»

«እሱው።»

አባቴ ዱላውን ተመረኮዘ። እኔ ጓዳ ሆኜ በግድግዳው ስንጥቅ አያለሁ።

«እንግዲያስ ቆማችሁ ስሙኝ» አለ። «ልጁን አልጠላሁትም። ሠራተኛ ነው፣ ጨዋ ነው። ግን ጎጆ አልወጣም።»

«ቤትማ አለው» አሉ የኔታ።

«ቤት? ምሰሶው የታለ? ምሰሶ የሌለው ነገር ቤት ተብሎ ያውቃል የኔታ? ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ! ልጄ ብትታመም የማንን ደጅ ላንኳኳ? "ልጅህ የት ገባች?" ሲሉኝ "በዚህ በኩል አለፈች" ልበል?»

መጨረሻው ላይ ድምፁ ሰለለ። ልቆጣው ተነሥቼ ነበር፣ እንባዬ ቀደመኝ። አባቴ የፈራው መኪናዋን አልነበረም፤ እኔን ማጣት ነበር የፈራው።

«ምሰሶ ያለው ቤት ይሥራና ይምጣ። ያኔ በእልልታ እሰጠዋለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ሄዱ።

ከፋሲካ በኋላ ይሁኔ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ጠበቀኝ። የሻረግ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመችልን።

«ደስ የሚል ወሬ ይዣለሁ» አለ። ፊቱ ግን ደስ የሚል ወሬ የያዘ ሰው ፊት አይደለም። «ንፋስ መውጫ ካሣሁን የሚባል ነጋዴ አለ። እማሆይን ሊገዛኝ ነው። ጎማዋን አውልቆ ሱቅ ያደርጋታል። በዋጋዋ ቤት እሠራለሁ። ምሰሶ ያለው።»

«ሱቅ?»

«አዎ።»

«ጎማዋን አውልቆ?»

«ምን ላድርግ አመለወርቅ? አባትሽ...»

«እኔ ቤቱን የሚሸጥ ሰው አልወደድኩም!» አልኩት። ጮህኩ መሰለኝ፣ ሰዎች ዞሩ። «"ቤቴ ነኝ" ብለህ ስትኮራ ነው የወደድኩህ! ፈረንጅ ጥሏት የሄደውን አንተ አስነሣሃት። ዛሬ አንተም ትጥላታለህ?»

ፊቱ ጠቆረ።

«ለካ የወደድሽው መኪናዋን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔማ እኔን መስሎኝ...»

«ይሁኔ፣ እንደሱ አላልኩም!»

«ገባኝ፣ ገባኝ። በደህና ዋይ።»

ሄደ። ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ያ የተረገመ ኩራቴ አፌን መልሶ ገጠመው።

ከዚያ ወዲያ የገበያ ቀን ሲመጣ አቀበቱን አያለሁ፤ እማሆይ የለችም። ከንፋስ መውጫ የተመለሱ ሰዎች «ካሣሁን ገዝቷታል» አሉ። ሌሎቹ «ወደ ጎንደር ሄዷል» አሉ። አንዷማ «እስቴ ሚስት አግብቷል» አለችኝ፤ አፏን ይያዘውና! ሌት ከቀን አለቀስኩ። አንድ ቀን አባቴ «ያንን ኩራት እራቱን ነው የምታለቅሺለት?» አለኝ። አዎ፣ እሱን ነው! አልኩ በሆዴ።

ሰኔ ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ባባራ ማግስት፣ ምንጭ ስወርድ አንድ ሳል ሰማሁ። አንድ... ሁለት... ከዚያ ዝም። እንስራዬን ጥዬ ሮጥኩ!

እማሆይ ከአባቴ ማሳ ጠርዝ ላይ፣ ጎማዋ እስከ ግማሹ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆማለች። ይሁኔ ኮፈኑን ከፍቶ አጎንብሷል። ከስቷል።

«ዛሬስ ምን ሆና ነው?» አልኩት።

ቀና አለ።

«ዛሬስ እውነት ሞታለች» አለ። «ጓርኒሲዮኗ ተቃጥሏል። ከሞተሩ ራስ ሥር ያለች ስስ ልባስ ናት። ያለ እሷ አይሆንም፣ የምትገኘውም ከሩቅ አገር ነው። መንገዱም ሊዘጋ ነው...»

«አልሸጥካትም?»

«ካሣሁን እጁን ዘርግቶ ቁልፉን ሲጠብቅ፣ እጄ አልለቅ አለኝ። ያልሽው ትዝ አለኝ። እውነትሽን ነው። ቤቱን የሸጠ ሰው ሚስቱን ምን ላይ ያስቀምጣል? ይህንኑ ልነግርሽ ነበር የመጣሁት። ከነገርኩሽ በኋላ ብትፈልጊ ታባርሪኛለሽ ብዬ።»

«አንተ ጅል!» አልኩት፣ እያለቀስኩ። «የወደድኩት አንተን ነው። ያለ እሷ ግን አንተን አላውቅህም። አጎንብሰህ ስታክማት ነው ያየሁህ። አልሞላልህ ሲል ስቀህ ደግመህ ስታስነሣት ነው ያየሁህ። ያንን ሰው ሸጠህ ሌላ ሰው ልታመጣልኝ ነበር?»

በዚያ በጥቁር እጁ ፊቱን ሸፈነ፤ ሲያነሣው ጉንጩ በቅባት ተለውሶ ነበር። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩለት። ያቺን ነጠላ ዛሬም አላጠብኳትም።

ክረምቱ መንገዱን ዘጋው። እማሆይ እዚያው ቀረች፣ ይሁኔም እዚያው ከረመ። ለደብረ ታቦር በቅሎ ነጋዴዎች ያቺን ልባስ እንዲያስመጡለት ላከ። ሞተሯንም የበሬ ቆዳ አለበሳት። አባቴ «ከማሳዬ ወዲያ እንዳላይሽ!» ብሎኛል። እኔም ቃሉን አከበርኩ። ይሁኔ ግን ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሯ ዝጎ እንዳይጣበቅ፣ ማኖቬላውን ያዞራል። ክርር... ክርር... ይላል። እቤቴ ሆኜ እሰማዋለሁ። እንደምን አደርሽ ማለቱ ነበር። በልቤ እግዜር ይመስገን እለዋለሁ።

የኔታ ገብረ ኢየሱስ ብቻቸውን፣ ማንንም ሳይጠይቁ ወደ እሱ ይሄዱ ነበር። «ቤቱ ሙቀት አለው፣ አያፈስም» ይላሉ። በዚያ ክረምት የስንቱ ጣሪያ አፍስሷል መሰላችሁ! የአባቴም ጭምር።

ሐምሌ ላይ ነው። አባቴ ስንዴ ሊዘራ ማሳው ወርዷል። ከቀትር በኋላ ከጉና ተራራ በኩል ጥቁር ደመና ተነሣ። እናቴ «ገሳውን ውሰጂለት!» አለችኝ፤ ያንን የሣር ካባ ይዤ ስወርድ በረዶው ጀመረ። በረዶ ስላችሁ የለመዳችሁት ዓይነት አይደለም፤ እንቁላል የሚያህል! በሬዎቹ እርስ በርስ ተጠጋጉ። አባቴ እጁን በራሱ ላይ አድርጎ ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ። በዚያ ሜዳ ላይ መጠለያ የለም። ከእማሆይ በቀር።

ሮጦ በሯ ጋ ደረሰ። ገፍቶ መግባት ይችል ነበር። በሩ አልተዘጋም፣ በረዶውም አናቱን ይቀጠቅጠዋል። ግን የኛ ሰው የሰው ቤት ዝም ብሎ ይገባል? አባቴ በዚያ ሁሉ በረዶ መሐል በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና፣ እናት አባቱ እንዳስተማሩት፦

«ቤቶች!» ብሎ ተጣራ።

በጆሮዬ ሰማሁት! ከውስጥ ደግሞ የይሁኔ ድምፅ መጣ፦

«ቤት ለእንግዳ! ይግቡ አባቴ!»

አባቴ ገባ። እኔም ገሳውን ይዤ በሩ ላይ ደረስኩ። ውስጥ የኔታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይዘዋል። አባቴን አዩና ከት ብለው ሳቁ።

«ታፈረ፣ ምን ብለህ ገባህ?»

«ምን አልኩ?»

«"ቤቶች" አላልክም? መኪናን "ቤቶች" ብሎ የሚጣራ ሰው በጋይንት አይቼ አላውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አትመልሰውም!»

አባቴ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ያኔ እኔን በረዶ ሲደበድበኝ አየ።

«ልጄ! ምን ትሠሪያለሽ? ግቢ እንጂ!»

«አልገባም» አልኩት። በረዶው ጆሮዬን ሊቆርጠው ደርሷል። «ምሰሶ የለውም ብለውኛል።»

«አመለወርቅ!»

«ምሰሶ የሌለው ነገር ቤት አይባልም ተብሏል። እኔ የአባቴን ቃል አክባሪ ነኝ!»

የኔታ ሳቃቸውን ሊይዙት አልቻሉም። ይሁኔ ግን አልሳቀም፤ ዐይኑ እኔን «ግቢልኝ» እያለ ይለምነኛል። አባቴ እኔን አየ፣ እሱን አየ። ቤቲቱን ዞሮ አየ። የተነጠፈውን አልጋ፣ የታሰሩትን ብርጭቆዎች፣ አንዲት ጠብታ የማያፈሰውን ጣሪያ አየ።

«ግቢ» አለ ቀስ ብሎ። «ቤት ነው። ግቢ ልጄ።»

ገባሁ። አራታችን ተጠጋግተን በረዶው እስኪያባራ ተቀመጥን። አባቴ ለመውጣት ሲነሣ ዱላውን ከወለሉ ወደ ጣሪያው ቀጥ አድርጎ አቆመና፣ ዱላውን አንድ ቦታ ላይ በጥፍሩ ጫር አደረገው። የጣሪያውን ጥንካሬ የሚፈትሽ ነበር የመሰለኝ።

በመስቀል ማግስት ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። ያን ቀን ተቀመጡ።

ሰርጋችን ጥር ላይ ሆነ። ልባሷ ከደብረ ታቦር በበቅሎ መጥታ ይሁኔ ገጥሟታል፤ እማሆይ ታጥባ፣ ቄጠማ ተነስንሶላት ደጃችን ቆማለች። ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ፣ እኔ ተሸፋፍኜ ልወጣ ስል፣ አባቴ ከጓሮ አንድ እንጨት ተሸክሞ መጣ። ወይራ ነው። ልጡ ተልጦ፣ ተፍቆ፣ ቅቤ ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ሰዉን ሰንጥቆ አለፈና እማሆይ ውስጥ ገባ። ከወለል እስከ ጣሪያ፣ በአልጋውና በምድጃው መካከል አቆመው። አንድ ጣት እንኳ አልጎደለም፣ አልተረፈም። ያኔ ያቺ የዱላ ጭረት ገባችኝ። ክረምቱን በሙሉ ጓሮ ተደብቆ የሚጠርበው ይህን ነበር!

«አሁን ምሰሶ አለው» አለ። ዐይኑ ቀልቷል። «አሁን ልጄን እሰጣለሁ።»

ይሁኔ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል አባቴ አነሣው። እኔም ሙሽራ አታለቅስም ሲሉኝ ማን ሊሰማቸው!

እማሆይ ደግሞ አመሏን አትረሳም። ልንሄድ ብንል እምቢ አለች። ይሁኔ ማኖቬላውን አዞረ፣ ሚዜዎቹ አዞሩ፣ ላባቸው ጠብ እስኪል አዞሩ። ከሰርገኛው መካከል አንዱ «ሙሽራዋ በቅሎ ይፈለግላት!» አለ። ሌላው «ይህስ ሰርግ አይደለም!» ብሎ ሳቀ። የይሁኔ ፊት ደም መሰለ።

«ማነው የሳቀው?» አለ አባቴ።

የሳቀው ሰው ከሕዝቡ ኋላ ተሸሸገ።

«የልጄ ቤት መንገድ ላይ አይቀርም! ቀንበሩን አምጡ!»

ቡሬንና ዳለቻን፣ ለሰው አውሶ የማያውቃቸውን የእርሻ በሬዎቹን፣ ከእማሆይ ፊት በጠፍር ጠመዳቸው። ጅራፉን ራሱ ያዘ። «ና ቡሬ! ወንድሜ ዳለቻ!» እያለ፣ በሰርግ ልብሱ አቧራውን እየረገጠ፣ እማሆይን ያንን አቀበት ጎትቶ አወጣት። ሰርገኛው ከኋላ እየገፋ፣ እየጨፈረ። እኔ በመስኮት ሆኜ ምሰሶዬን አቅፌ አየዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። በማን? በሦስቱም! በባሌ፣ በአባቴ፣ በዚያች አሮጊት!

አናቱ ላይ በሬዎቹ ተፈቱ። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። ይሁኔ ማርሽ አስገብቶ ለቀቃት። ተንከባለለች... ተንከባለለች... አሳለች... እንደገና አሳለች... ከዚያ ተነሣች! እልልታው ከተራራ ተራራ አስተጋባ። አባቴ ጅራፉን ወደ ሰማይ አንስቶ ሲያጮኸው እየራቀ፣ እያነሰ እስኪጠፋ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን በእማሆይ ኖርን። አንዴ ካንዴላዋ፣ አንዴ ፍሪሲዮኗ፣ አንዴ ባትሪዋ፤ እኔም ሞተሯን ከድምፅዋ ለየሁ። ይሁኔ ከሥሯ ተኝቶ ሲሠራ «ዛሬ ደረቷን አይደለም፣ ጉሮሮዋን ነው» ስለው «ካንቺ ጋር መከራከር አይቻልም» ይለኛል። የበኩር ልጄን ጽጌን የተገላገልኩት እዚያው ምሰሶዬን ይዤ ነው። በወገዳ ገደላማ መንገድ ሦስት ቀን ቆመንም እናውቃለን። «መንገድ ላይ ቀሩ» ሲሉን ይሁኔ ይስቅና «ቤታችን ነን» ይላቸዋል።

በአንድ ሚያዝያ ንፋስ መውጫ ገበያ ዳር ቆመን፣ የእማሆይ ሞተርም ሞቶብን፣ እኔ ጽጌን ሳጠባ ከውጭ የዱላ ድምፅ ሰማሁ። አባቴ ነው። ከመንደራችን በእግሩ የመጣ። «አረንጓዴዋን ቤት ያያችሁ?» እያለ ከሰው ሰው እየጠየቀ ደርሶብናል። በሩ ክፍት ነበር፤ ከዚያ ሆኖ ያየኛል፣ አየዋለሁ። ግን አልገባም። በዱላው ቆርቆሮዋን ቀስ አድርጎ አንኳኳ።

«ቤቶች!»

«ቤት ለእንግዳ! ይግቡ አባቴ!» አልኩት።

ገባ። ከመቀመጡ በፊት ምሰሶውን በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አደረገው። ጠንክሮ መቆሙን ሲያይ ራሱን ነቀነቀና፣ ልጄን ስጪኝ ብሎ እጁን ዘረጋ።